ዓይኑ ቢጫ ያልሆነ ሕመምተኛ

ስለ ጉበት በሽታ ሲነሳ ሰው ሁሉ ዓይን ማየት ይወዳል። ቢጫ ከሆነ «የወፍ በሽታ ነው» ይባላል፤ የሌሊት ወፍ በላዩ አልፋበት ነው የሚል አይጠፋም፤ ሰንሰል ተጨምቆ ይጠጣል። ነጭ ከሆነ ጉዳዩ ይዘጋል። ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ላብራቶሪ ውስጥ የምውል ሰው ነኝ፤ የሚያናድደኝ የሌሊት ወፏ አይደለችም፤ ሁለተኛው ፍርድ ነው።

መሠረቱን ባጭሩ ልበል። ጉበትን የሚያስቆጡት የሄፓታይተስ ቫይረሶች አምስት ናቸው፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ። ኤ እና ኢ በሰገራ በተበከለ ውኃና ምግብ፣ ሌሎቹ በደምና በሰውነት ፈሳሽ ይተላለፋሉ፤ ዲ ያለ ቢ አይኖርም። ሕመሙ ሲጀምር ድካም፣ ትኩሳት፣ ማቅለሽለሽና ከቀኝ ጎድን ሥር ሕመም ይመጣል፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። አጫሽ ከሆነ ሲጋራው ያስጠላዋል፤ የድሮ ሐኪሞች ይህን ምልክት ይወዱት ነበር፣ እኔም እወደዋለሁ። ከዚያ ሽንት ይጠቁራል፣ ሰገራ ይነጣል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። ሄፓታይተስ ቢ የገባበትን የጉበት ሴል በራሱ አይገድልም፤ ውስጡ ሆኖ ይባዛል እንጂ። ሴሉን የሚገድለው ቫይረሱን የሚያሳድደው የገዛ መከላከያችን ነው፤ ሌባ ልያዝ ብሎ ቤቱን የሚያፈርስ ዘበኛ በሉት። ስለዚህ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ጎልማሳ አብዛኛውን ጊዜ እየተዋጋ ያለ ሰው ነው። ካደጉ በኋላ ከሚያዙት 100 ሰዎች 95ቱ ያህል ቫይረሱን ያሸንፉታል። ሲወለድ ከእናቱ የያዘው ሕፃን ግን መከላከያው ገና ጠላቱን አይለይም። አይዋጋም፤ ዓይኑም ቢጫ አይሆንም። እንዲህ ካሉት 100 ሕፃናት 90ዎቹ ያህል ቫይረሱን ይዘውት ያድጋሉ፣ ይማራሉ፣ ያገባሉ።

ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ምርመራ ከሚመጡት ወጣቶች መካከል አንዷ ውጤቷን ከሐኪም ሰምታ ተመልሳ መጣችብኝ። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በጣቷ ገልጣ፦ «ጋሼ፣ እስቲ ይዩት! ቢጫ ነው? እኔን እኮ የወፍ በሽታ ይዞኝ አያውቅም» አለችኝ። ዓይኗ ጥርት ያለ ነበር። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራውን ደገምነው፤ ያው ሁለት መስመር ወጣ፤ ቫይረሱ አለባት ማለት ነው። አገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን አምስት በአንድ በሆነው በፔንታቫለንት ለሕፃናት መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ልጅቷ የተወለደችው ከዚያ በፊት ነው።

የመከላከያችን ውጊያ ልክ የሚያልፍበት ጊዜም አለ። በጥቂቶች ጉበት በሳምንታት ውስጥ ሥራውን ያቆማል፤ ሕመምተኛው ቀን እየተኛ ሌሊት ይነቃል፣ ይቀባዥራል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይደማል። እንዲህ ዓይነቱን ያየ ቤተሰብ ጠበል ወይም ሰንሰል ይቅደም ማለቱን ትቶ ወደ ሆስፒታል መሮጥ አለበት። ሄፓታይተስ ኢ ደግሞ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ላይ ላለች ሴት እጅግ ክፉ ነው፤ ከአምስት ሴቶች አንዷን እስከ መግደል ይደርሳል። ሐኪሙ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ የኢትዮጵያን ነፍሰ ጡሮች በዚህ ጉዳይ አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ጋምቤላ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ወረርሽኝ ያስነሳውም ይኸው ኢ ነው።

ዝምተኛው ቢ ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ይጠብቃል። ጉበት በጠባሳ ይጠጥራል፤ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፤ የምግብ ቧንቧ ደም ሥሮች አብጠው ይፈነዱና ሰውየው ደም ያስታውካል። የጉበት ካንሰርም አለ፤ በቢ ምክንያት ሲሆን ጠባሳውን እንኳ ላይጠብቅ ይችላል። ከሰፈራችን ብዙ በማይርቀው ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ቴኖፎቪር በተባለው የቢ ኪኒን የሕክምና ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። ኪኒኑን ጀምረው በመጀመሪያው ዓመት ከሞቱት አብዛኞቹ ጉበታቸው አቅሙን ከጨረሰ በኋላ የደረሱ ናቸው። ሄፓታይተስ ሲ ዛሬ በ12 ሳምንት ኪኒን ይድናል፤ ቢን ግን መድኃኒቱ ያስተኛዋል እንጂ አያጠፋውም። ኪኒን የማያስፈልገውም ቢሆን ክትትል ያስፈልገዋል። «ምንም አላመመኝም» ብሎ ቀጠሮ የሚቀር ሰው ያናድደኛል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መስኮቴ ላይ ቆመው በብዛት የሚጠይቁኝ «ሳህኔን ልለይ?» ብለው ነው። አይለይም፤ ቢ አብሮ በመብላትና በመጨባበጥ አይተላለፍም። የሚለየው ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽና የዋግምት ስለት ነው። እናት፣ እህት ወንድም፣ የትዳር ጓደኛና ልጆች ይመርመሩ፤ ነፃ የሆነው ክትባቱን ሦስት ጊዜ ይውሰድ። ቫይረሱ ያለባት ሴት ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ለሚከታተላት ሐኪም ከመውለዷ በፊት ትንገረው።