የተቃጠለው ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም

ተረቱ እንዲህ ይላል፦ ቦርዱን ክፈት፣ የጠቆረውን ወይም ያበጠውን ዕቃ ፈልገህ ቀይር። ካልሠራ ቦርዱ ሞቷል። የሰርኪዩት ዲያግራም ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንጂ ለጥገና ቤት አይሆንም።

ጎንደር ፒያሳና አራዳ አካባቢ ይህን መስማት አዲስ አይደለም። ከዳባት ወይም ከደባርቅ ሪሲቨር ይዘው የወረዱ እናት “እማማ፣ ቦርዱ ሄዷል፤ ሌላ ይግዙ” ይባላሉ። ምን ያድርጉ? ይገዛሉ።

ሐቁን ለመናገር ዓይን ብዙ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈሳሻቸው ጥራት የጎደለው ካፓሲተሮች በኮምፒውተር ማዘርቦርዶች ላይ አናታቸው እያበጠ ሲፈነዱ፣ ያበጠውን ነቅሎ አዲስ መበየድ ብቻ ብዙ ማሽን አስነስቷል። አንድ ዓይነት ሪሲቨር ደጋግሞ የከፈተ ሰውም ሳይለካ ብልሽቱን ሊያውቅ ይችላል። ጣጣው የሚጀምረው በዓይን ያልታየ ብልሽት የለም ሲባል ነው።

ፊውዝን እንውሰድ። በ220 ቮልት የሚሠራ ፓወር ሳፕላይ ዲያግራም ላይ መብራቱ በግራ በኩል ይገባል። መጀመሪያ ፊውዙን፣ ቀጥሎ አራቱን ዳዮዶች፣ ከዚያ ትልቁን የ400 ቮልት ካፓሲተር፣ በመጨረሻም ትራንስፎርመሩን የሚነዳውን ትራንዚስተር ወይም አይሲ ያገኛል። ወረቀቱን ያየ ሰው ፊውዙ በር ላይ የቆመ ዘበኛ መሆኑ ወዲያው ይገባዋል። የፊውዙ መስታወት ውስጡ ጥላሸት ለብሶ ከተገኘ፣ ከኋላው ካሉት አንዱ ኮንታክት መሆኑን መጠርጠር ነው። እነሱን በመልቲሜትር መፈተሽ ደግሞ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

በተግባር የሚታየው ግን ሌላ ነው። ፊውዙ ይቀየራል፤ ይቃጠላል። ሁለተኛ ይገባል፤ እሱም ይቃጠላል። በሦስተኛው ሽቦ ይጠቀለልበታል። አሁን የሚያስቆም ነገር ስለሌለ የመዳቡ መስመር ከቦርዱ ተላጦ ይነሳል፣ አይሲው ይሰነጠቃል፣ ደህና የነበሩት ዕቃዎችም አብረው ይሄዳሉ። “ሞቷል” የተባለው ቦርድ በእርግጥ የሞተው ጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህን “ልምድ” እያሉ ለለማጅ ማስተማር ነውር ነው! ልምድ ያለው ሰው በፊውዙ ቦታ የድሮውን ባለ ክር የ60 ወይም የ100 ዋት አምፖል ይገጥማል። አምፖሉ ቦግ እንዳለ ከቀረ ኮንታክቱ ገና አለ፤ ለአፍታ በርቶ ከደበዘዘ ግን በዚያ በኩል ደህና ነው።

ጥፋተኛው ጭራሽ ምልክት የማያሳይበት ጊዜም አለ። በርካታ ርካሽ ሪሲቨሮችና ዲቪዲ ማጫወቻዎች ቫይፐር 22 የተባለ ባለ ስምንት እግር አይሲ አላቸው። ይህ አይሲ ሥራ የሚጀምረው አራተኛ እግሩ ላይ ወደ 14.5 ቮልት ሲደርስ ነው፤ ወደ 8 ከወረደ ራሱን ያጠፋል። እዚያ እግር ላይ ያለችው ትንሽ ካፓሲተር በዕድሜ ከደረቀች ቮልቴጁ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል፤ የሪሲቨሩ መብራትም ብልጭ ድርግም ይላል። ካፓሲተሯ አላበጠችም፣ አልጠቆረችም። በዓይን የሚሠራው ሰው አይሲውን ቀይሮ፣ ትራንስፎርመሩን ጠርጥሮ ሲሰለቸው “ቦርዱ ሄዷል” ይላል። መስመሩን በዲያግራም የተከተለ ግን ሚትሩን አራተኛው እግር ላይ ሲያሳርፍ ነገሩ ይገለጥለታል። ካፓሲተሯ ቦርዱ ላይ ካሉት ርካሽ ዕቃዎች አንዷ ናት።

“ዲያግራሙ ከየት ይምጣ?” ለሚለው ጥያቄ ማሾፍ አይገባም። ድሮ ብዙ ሬዲዮኖች ዲያግራማቸው ከጀርባ ክዳናቸው ውስጥ ተለጥፎ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ርካሽ ቦርድ ምንም ወረቀት የለውም። ይሁን እንጂ የአይሲው አምራች በነፃ በሚያሰራጨው ዳታሺት ውስጥ የናሙና ሰርኪዩት አለ፤ ርካሽ ቦርድ ሠሪዎችም ብዙውን ጊዜ ከእሱ ብዙም አይርቁም። አይሲው ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር ያነበበ ሰው የዲያግራሙን ግማሽ አገኘ ማለት ነው።

ነገሩ ሆስፒታል ሲደርስ ከሪሲቨር በላይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የ16 አገሮች ጥናት ከሕክምና መሣሪያዎች ከመቶ 38 ያህሉ ከሥራ ውጭ መሆናቸውን አሳይቷል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በድሃ አገሮች ከተበላሹት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከውጭ መለዋወጫ ሳይመጣ በመሠረታዊ ችሎታ ሊጠገኑ እንደሚችሉ አመልክቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም መሣሪያ ሲለገስ የጥገና መመሪያው አብሮ እንዲሰጥ ይመክራል።

ሌሎቹ ተረቶች ብዙ ጊዜ አይወስዱም። “ዲያግራም እንግሊዝኛ ይፈልጋል” ይባላል፤ ዲያግራም በምልክትና በቁጥር ነው የሚነበበው፤ ሬዚስተር ጀርመን ቢሳል ጃፓን፣ ወይ ሳጥን ነው ወይ ዚግዛግ። “ከሶኬት ከተነቀለ አያሰጋም” የሚለው ግን ሰው ይገድላል። ትልቁ ካፓሲተር ወደ 310 ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላልና፣ እጅ ከመግባቱ በፊት በሬዚስተር ማራገፍና በሚትር ማረጋገጥ ግድ ነው።

“ደጋ ቀዝቃዛ ስለሆነ ዕቃ አይግልም” የሚለው በግማሽ እውነት ነው። አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድም፣ ከፍተኛ ቮልቴጅን አፍኖ የመያዝም አቅሙ ይቀንሳል። አንዳንድ የቻይና ቻርጀርና አዳፕተር ላይ የተራራ ምልክትና 2000 ሜትር የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከዚያ ከፍታ በታች ለመሥራት የተሠራ ነው ለማለት። ጎንደር ከዚያ በላይ ናት፤ ደባርቅማ ከጎንደርም ትበልጣለች።

ዕቃ ለጥገና ስትሰጡ “ምኑ ተቃጠለ?” ብላችሁ አታብቁ፤ “ምን አቃጠለው?” ብላችሁም ጠይቁ። ፊውዙን በሽቦ ተክቶ ከሚመልስ ጥገና ቤት ግን ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።