በሁለት ቋንቋዎች ድንበር ላይ፦ የሲ የሒሳብ ላይብረሪን ከፓይተን በጥንቃቄ ስለ መጥራት



በፓይተን የተጻፈ የምርምር ፕሮግራም ውስጡ ሲመረመር፣ ከባዱን ስሌት የሚሸከመው ብዙ ጊዜ በሲ የተጻፈ ላይብረሪ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ለዓመታት ተፈትኖ የቆየን ሥራ እንደ አዲስ መጻፍ ጊዜ ያባክናል፣ ለስሕተትም ያጋልጣል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገናኙበት ድንበር ጠባቂ የለውም። ከድንበሩ ማዶ ስሕተት ሲፈጸም ወይ ፕሮግራሙ በድንገት ይቋረጣል፣ ወይም፣ ከዚያ የከፋው፣ የተሳሳተ ቁጥር ትክክለኛ መስሎ ይመለሳል። ስለዚህ ሦስት ውሎችን ማሰር ይገባናል።

የመጀመሪያው የዓይነት ውል ነው። ሲታይፕስ የተባለው የፓይተን ሞጁል አንድ የሲ ፈንክሽን ምን ዓይነት ዋጋ እንደሚመልስ ካልነገርነው፣ ኢንቲጀር ነው ብሎ ይወስዳል። የኮሳይን ፈንክሽን ግን የሚመልሰው ደብል ነው። በዛሬዎቹ አብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች ደብል የሚመለስበት ሬጅስተር ከኢንቲጀሩ የተለየ ስለሆነ፣ ሲታይፕስ ከሌላው ሬጅስተር ያገኘውን ትርጉም የለሽ ቁጥር ያለ ማስጠንቀቂያ ያቀብለናል። መፍትሔው የላይብረሪውን ሄደር ፋይል እያዩ «አርግታይፕስ»ንና «ሬስታይፕ»ን ከጥሪው በፊት መወሰን ነው።

ሁለተኛው የስሕተት ውል ነው። ጂኤስኤል የተባለውን የጂኤንዩ ሳይንሳዊ ላይብረሪ የዜሮን ጋማ ብንጠይቀው፣ እንደ ተፈጥሮ ልማዱ መልእክት አትሞ መላውን ፕሮሰስ ያቋርጣል። የፓይተን «ትራይ» ይህን ሊይዘው አይችልም፤ ለሰዓታት የተሠራና ያልተቀመጠ ስሌትም አብሮ ይጠፋል። ይህን የስሕተት ተቆጣጣሪ በመጀመሪያ ማጥፋት ይቻላል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ኃላፊነቱ ወደ እኛ ይዛወራል። የሁኔታ ኮድ የሚመልሰውን የፈንክሽኑን ቅርጽ መርጠን፣ ኮዱ ዜሮ ካልሆነ የፓይተን ኤክሴፕሽን ማስነሣት አለብን።

ሦስተኛው የባለቤትነት ውል ነው። ጂኤስኤል ለቬክተር የያዘውን ሜሞሪ የፓይተን ቆሻሻ ሰብሳቢ አያየውም። ካልለቀቅነው ሜሞሪ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ሁለት ጊዜ ከለቀቅነው ደግሞ ሜሞሪው ይበላሻል። ስለዚህ መያዙንና መልቀቁን በአንድ ክላስ ውስጥ አስሮ በ«ዊዝ» መጠቀም ይበጃል። የተገላቢጦሹም አለ፦ ለሲ ተመልሶ እንዲጠራው የሰጠነውን የፓይተን ፈንክሽን በተለዋዋጭ ካልያዝነው፣ ሰብሳቢው ሊያነሣው ይችላል፤ ሲም ወደ ባዶ አድራሻ ይዘላል።

እነዚህን ውሎች በየቦታው ከመበተን በአንድ ቀጭን ሞጁል ሰብስበን እንፈትናቸው፦ የዜሮ ኮሳይን 1፣ የ5 ጋማ 24 ይሁን፤ የዜሮ ጋማ ደግሞ ኤክሴፕሽን ያስነሣ። የመጨረሻው ፈተና ከሁለቱ ይልቅ ይጠቅማል፤ ላይብረሪው እምቢ ሲል መስማታችንን የሚያረጋግጥልን እርሱ ነውና።