ዝናብ የማያጥበው ጣሪያ

አዲስ አበባ ወይም ደሴ ያደገ ሰው ቤቱን የሚጠብቀው ከዝናብ ነው። ክረምት ሳይገባ ጣሪያው ላይ ይወጣል፣ የላላው ሚስማር ይመታል፣ አሸንዳው ይጠረጋል፣ የተሰነጠቀው ግድግዳ ይመረጋል። ይህን ልማድ ይዞ ጅቡቲ የገባና ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ቤት የያዘ ሰው ግን ግራ ይጋባል። ዓመቱን ሙሉ ዝናብ በቅጡ ሳይነካው የቤቱ ቆርቆሮ ይበላል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ጅቡቲ ከተማ የሚደርሳት በአማካይ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ በዝናባማው አገር አባት የመታው ቆርቆሮ ለልጅ ሲተርፍ፣ በደረቁ አገር ለምን በጥቂት ዓመት ወንፊት ይሆናል? ለዚህ ጉዳት አንዱ ትልቅ ምክንያት ራሱ የዝናቡ አለመኖር ነው።

ጅቡቲ ከተማን ባሕር ከሦስት ወገን ይከብባታል። ማዕበል በተሰበረ ቁጥር ለዓይን የማይታዩ ጠብታዎች ወደ አየር ይነሳሉ፣ ነፋስ ይዟቸው ይገባል፣ ያረፉበት ላይ ውሃው ይተንና ጨው ይቀራል። ጨው ደግሞ ደርቆ አይቀመጥም። የገበታው ጨው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ከአየሩ ውሃ ስቦ ይሟሟል። በባሕር ጨው ውስጥ የሚገኘው ማግኒዥየም ክሎራይድ ደግሞ እርጥበቱ ከ33 በመቶ ጥቂት ከፍ ሲል ጀምሮ ውሃ ይስባል። ስለዚህ ማታ ማታ ዓይን ደረቅ ነው የሚለው የብረት በር በቀጭን የጨው ውሃ ተሸፍኖ ያድራል። ደጋ ላይ ያለው ጣሪያ ከሰኔ እስከ መስከረም በየቀኑ ይታጠባል። እዚህ የሚያጥበው የለም፤ ትናንት ያረፈው ጨው ላይ የዛሬው ይደረባል።

በሙቀቱ ወራት፣ ከሰኔ ጀምሮ፣ ከየብስ በኩል ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አቧራ ይዞ ይመጣል። ያኔ አየሩ ይደርቃል፣ ዝገቱም ጋብ ይላል። ግን አቧራው ከጨው ጋር ተጣብቆ በየስፌቱና በየጥጉ ይከማቻል፤ በጥቅምት እርጥበቱ ሲመለስ ያ ሁሉ ክምችት አንድ ላይ ይረጥባል። በእኔ ግምት በዚህ ከተማ የብረት ክፉ ወቅት የሚጀምረው ሙቀቱ ቀለል ብሎ ሰው እፎይ በሚልበት በዚያ ሰሞን ነው።

ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለው ዚንክ ነው። ዚንኩ በብረቱ ፋንታ ራሱ እየተበላ ጊዜ ይገዛል፤ ሲያልቅ ብረቱ ባዶውን ይቀራል። ደህና የሚባል ቆርቆሮ በእያንዳንዱ ገጹ 20 ማይክሮን ያህል ዚንክ አለው። የብረት መበላትን በሚለካው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት፣ ቀላል አየር ባለበት ቦታ ዚንክ በዓመት ከ1 ማይክሮን በታች ይቀንሳል፤ ጨው በበዛበት የባሕር ዳርቻ ግን ከ4 እስከ 8 ማይክሮን ሊሄድ ይችላል። ሃያውን ለስምንት ማካፈል ነው። ያው ቆርቆሮ አንዱ ጋ ሃያና ሠላሳ ዓመት ኖሮ፣ ሌላው ጋ ሦስት ዓመት ሳይሞላው የሚዝገው በዚህ ምክንያት ነው። ርካሹ ደግሞ ከ20 ማይክሮንም ያነሰ ዚንክ ይዞ ይመጣል፤ ሲገዙ ከውፍረቱ ይልቅ የዚንኩን መጠን መጠየቅ ይሻላል።

ሰፈሩ ውስጥ አንድ የላሜራ በር ፊት ቁሙና አስተውሉ። መሀሉ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የተበላው ከማጠፊያው ጀርባ፣ በታችኛው ጠርዝ፣ በብየዳው መስመር ላይ፣ ቡሎኑ ከላሜራው በሚገናኝበት ቦታ ነው። ጣሪያም እንደዚሁ ነው፦ ከላይኛው ገጽ ይልቅ ከክፈፉ ሥር የተደበቀው የታችኛው ገጽ፣ ሁለት ቆርቆሮ የተደራረበበት፣ በመቀስ የተቆረጠው ጠርዝ፣ የሚስማሩ ዙሪያ። እነዚህ ሁሉ አንድ የሚጋሩት ነገር አለ፤ አልፎ አልፎ የምትመጣዋ ዝናብ እንኳ አትደርስባቸውም፣ ፀሐይም አታደርቃቸውም። ሰው ግን የሚቀባው የሚታየውን ገጽ ነው።

ስለዚህ ከቀለም በፊት ውሃ። በየጊዜው፣ በተለይ ካምሲን ካበቃ በኋላ፣ በሩን፣ የመስኮቱን ብረት፣ የክፈፉን ሥር በጨርቅና በባልዲ ውሃ ማጠብ ገንዘብ ተከፍሎበት ከሚመጣ ብዙ ጥገና ይበልጣል። ጅቡቲ ላይ ይህን መምከር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። የከተማዋ የጉድጓድ ውሃ ራሱ ጨው ጨው ይላል፣ ለመጠጥም ሲያጥር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ከሀደጋላ፣ በቧንቧ ውሃ መምጣት የጀመረው፣ በ2021ም ዶራሌ ላይ የባሕር ውሃ ማጣሪያ የተከፈተው በዚሁ ችግር ነው። ሆኖም የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስላለው፣ ጥቂት ጨው ጨው የሚለው የቧንቧ ውሃ እንኳ ከሱ በብዙ እጥፍ ይሻላል፤ ታጥቦ በደረቅ ጨርቅ ይወልወል። ዕቃ የታጠበበት የመጨረሻ ውሃም፣ ሳሙናና ቅባት ከሌለው፣ ለበር ይበቃል።

ቀለም ቀጥሎ ይመጣል። ሳይታጠብ የተቀባ አንቲረስት ከሥሩ ጨው ቀብሮ ነው የሚደርቀው፤ ያ ጨው በቀለሙ ውስጥ እርጥበት አሳልፎ ይስባል፣ ቀለሙም ውሃ ቋጥሮ ይነሳል። በብረት ብሩሽ መፈግፈግ፣ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በዚያው ቀን አንቲረስቱን መቀባት ነው። ሳይቀባ ካደረ ጨው እንደገና ያርፍበታል። የፀሐይን ጉዳት ደግሞ በመዳፍ መለየት ይቻላል፦ ግድግዳውን ሲያሹት እጅ ላይ ዱቄት ከቀረ፣ ቀለሙን አጣብቆ የያዘውን ነገር ፀሐይ ሰብራዋለች ማለት ነው። በዚህ ላይ አዲስ ቀለም አይይዝም፤ መጀመሪያ መጠረግና መታጠብ አለበት። ነጭና ፈዘዝ ያሉ ቀለሞች ሙቀቱንም ይመልሳሉ፣ መደብዘዛቸውም ቶሎ አይታይም።

የብሎኬትና የኮንክሪት ቤት ባለቤት ከዚህ ሁሉ የዳነ ሊመስለው ይችላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን እሱ ነው፣ ምክንያቱም ጉዳቱ ተደብቆ ይቆያል። ኮንክሪት በተፈጥሮው ፌሮን ከዝገት ይከላከላል፤ ጨው ፌሮው ጋ ሲደርስ ያ መከላከያ ይፈርሳል። ዝገት ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ በፌሮው ልክ ይሰነጥቀዋል። መፍትሔው ሲሠራ ነው ያለው፦ ከባሕር ዳር የተዛቀ አሸዋና ጨዋማ ውሃ አለመጠቀም፣ ፌሮውን ከቅርጹ አርቆ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽፋን መስጠት። ፌሮው በልስኑ ሥር ሁለት ጣት ሳይሞላ የሚቀርበት በረንዳ ባሕር አጠገብ ዕድሜ የለውም። ስንጥቁን በስሚንቶ መድፈን ደግሞ ዝገቱን ከዓይን መሰወር ብቻ ነው፤ ተቆፍሮ ፌሮው መጽዳት አለበት።

አውሎ ነፋሱና ጎርፉስ? በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ በኤደን ባሕረ ሰላጤ አልፎ ምዕራብ ሶማሌላንድ ላይ ሲያርፍ ጅቡቲ ከተማ በጎርፍ ተጥለቅልቃለች። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ደግሞ የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ በጥቂት ቀናት ወርዷል። ከዚያ በፊት በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. በከተማዋ ያለው የአምቡሊ ወንዝ ሞልቶ በርካታ ሰው ገድሏል። በእንዲህ ያለ ቀን ነፋስ ቆርቆሮን የሚገነጥለው ከጠርዙ ጀምሮ ነው፣ የሚለቀውም ሚስማሩ ነው። ሚስማሩ ቀድሞ በጨው ቀጥኖ ከሆነ አዲስ ቆርቆሮም አይተርፍም። ስለዚህ ጠርዙ ላይ ያሉትን ሚስማሮች ጎማ ባላቸው፣ ዚንክ በተነከሩ ቡሎኖች መቀየር፣ ሞራሌውን ከግድግዳው ጋር በብረት ማሰሪያ ማሰር ከሁሉ ይቀድማል። ጎርፉ ከሄደ በኋላ የግድግዳው ሥር ለወራት ነጭ ጨው ቢያወጣ፣ በስሚንቶ መለሰን እርጥበቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ እየጠረጉ እንዲደርቅ መተው፣ ከዚያ የሚተነፍስ የኖራ ልስን መስጠት ይሻላል።

ካርቲየ 3 ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር ወገናችን ጣሪያ ለመቀየር አቅሙም ሥልጣኑም የለውም። ግን የጠርዝ ቡሎኖቹ ዋጋ ከባለቤቱ ጋር ተነጋግሮ ከኪራይ ሊቀነስ የሚችል ነው፣ ባልዲውና ጨርቁ ደግሞ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። በመስከረም መጨረሻ፣ እርጥበቱ ሳይመለስ፣ ከበሩ ማጠፊያ ጀርባ ይጀመር።