የማዕድን እንክብሎችና የሴት አትሌቶች የሰውነት ይዞታ

ስብን ይቀንሳሉ፣ ጡንቻንም ያዳብራሉ በሚል እምነት በሴት አትሌቶች ዘንድ ከሚወሰዱት የማዕድን እንክብሎች መካከል ክሮሚየም ፒኮሊኔት ይጠቀሳል። ማዕድኑ የኢንሱሊንን ሥራ ያግዛል ከሚል መነሻ ለገበያ ቢቀርብም፣ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ክብደት ይቀንሳል የሚሉት ማስታወቂያዎች በቂ ማስረጃ የላቸውም በማለት እ.ኤ.አ በ1996 እንዲቆሙ አድርጓል። ከዚያ ወዲህ የተካሄዱ ጥናቶችም በአትሌቶች ሰውነት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም።

የብረት ጉዳይ ግን የተለየ ነው። የወር አበባ ለምታይ አዋቂ ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ብረት ሲመከር፣ ለወንዱ 8 ሚሊ ግራም ይበቃዋል። የረጅም ርቀት ሯጭ ደግሞ በላብና በአንጀት በኩል፣ እንዲሁም እግሯ ከመሬት ጋር ሲጋጭ በሚፈርሱ ቀይ የደም ሕዋሳት ሳቢያ ተጨማሪ ብረት ታጣለች። እጥረቱ ኦክስጅን ወደ ጡንቻ የሚያደርሰውን ሄሞግሎቢን ስለሚቀንስ አቅሟ ይዳከማል። ሆኖም ትርፍ ብረት ጉበትን ስለሚጎዳ፣ እንክብሉ ሊሰጥ የሚገባው በደም ምርመራ የፌሪቲን መጠን ከታወቀ በኋላ ነው። ከቡና ወይም ከሻይ ጋር መውሰዱም ጥቅሙን ይቀንሰዋል።

የሚዛኑን ቁጥር ብቻ የሚከታተል አሰልጣኝ ከሁሉ የከፋውን ችግር ሊስተው ይችላል። ክብደቷን ለመቀነስ ስትል ምግቧን ያሳነሰች አትሌት የወር አበባዋ ሊቋረጥ፣ ኤስትሮጅን ሊያንሳት፣ አጥንቷም ሊሳሳ ይችላል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ይህን መሰሉን ችግር እ.ኤ.አ በ2014 «በስፖርት የሚከሰት አንጻራዊ የኃይል እጥረት» በሚል ስያሜ አካቶታል። በቀን 1 ሺህ ሚሊ ግራም ካልሲየም ብታገኝም፣ የጎደላትን ምግብ ካልተካች አጥንቷ በሚገባ አያገግምም። በአንዳንዶች ዘንድ የወር አበባ መቅረት የጠንካራ ልምምድ ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል፤ ይሁንና ሦስት ወር በተከታታይ የቀረባት አትሌት በሐኪም መታየት ይኖርባታል።