ከበሽታው ስም በፊት

ራሱን የሳተ ሰው ተሸክመው ድንገተኛ ክፍል የሚደርሱ ቤተሰቦች አስቀድመው ማወቅ የሚፈልጉት በሽታውን ነው። ባለሙያዎቹ ግን የበሽታውን ስም ሳያውቁ ሥራ ይጀምራሉ። ይህን እንደ ቸልተኝነት የሚያየው ብዙ ሰው ነው፤ ለእኔ ግን ከሕክምና ጥበብ ሁሉ የላቀው ይኸው ነው።

ቅደም ተከተሉ የተቀመጠው ሰውን ቶሎ የሚገድለው ምንድን ነው ተብሎ ነው። መጀመሪያ የአየር ቧንቧው ክፍት መሆኑ ይታያል፤ ራሱን የሳተ ሰው ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ወይም ትውከት ጉሮሮውን ዘግቶት በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ቀጥሎ አተነፋፈሱ፣ ከዚያ የልብ ምቱ፣ የደም ግፊቱና የሚፈስ ደም መኖሩ፣ ከዚያም ንቃቱ ይመረመራል። ንቃት ላይ ሲደረስ የደም ስኳር መለካት ግድ ነው። ስኳሩ እጅግ የወረደበት ሰው የሰከረ ወይም ስትሮክ የመታው ሊመስል ይችላልና፤ በደም ሥሩ ጉሉኮስ ሲሰጠው ግን ብዙ ጊዜ ወዲያው ይነቃል። በመጨረሻ ልብሱ ተገልጦ የተደበቀ ጉዳት ይፈለጋል። በየደረጃው የተገኘው ችግር እዚያው ይታከማል፤ የታማሚው ሁኔታ በተለወጠ ቁጥርም ምርመራው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል።

እስትንፋስን ማስቀደም ምን እንደሚያተርፍ የኮፐንሃገንን ያህል ያሳየ ታሪክ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1952 ከተማዋን የፖሊዮ ወረርሽኝ መታት። በብሌግዳም ሆስፒታል ጥቂት የመተንፈሻ መሣሪያዎች ነበሩ፤ በእነሱ ከታከሙት የመጀመሪያዎቹ 31 ሕሙማን 27ቱ በሦስት ቀን ውስጥ ሞቱ። ቫይረሱ አንጎላቸውን ስለጎዳው ነው ተብሎ ይታመን ነበር። የሰመመን ሐኪሙ ብዮርን ኢብሰን ግን ሕሙማኑ በሚገባ መተንፈስ ስላቃታቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደማቸው ውስጥ እንደሚከማች ተረዳ። በነሐሴ ወር መጨረሻ የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ የአየር ቧንቧ አንገቷ ላይ ተከፍቶ ቱቦ ገባላት፤ ኢብሰንም የጎማ ከረጢት በእጅ እየጨመቀ አየር ሰጣት። ልጅቷ ተረፈች።

ለሁሉም የሚበቃ ማሽን አልነበረም። ስለዚህ 1,500 ያህል የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ቀንና ሌሊት በፈረቃ እየተተካኩ ለወራት ከረጢት ጨመቁ። እንደዚያ ብዙውን ይገድል የነበረው በሽታ የሚገድለው ወደ 40 በመቶ ገደማ፣ ኋላም ከዚያ በታች ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ኢብሰን እዚያው ኮፐንሃገን ውስጥ በሌላ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከፈተ።

እነዚያ ተማሪዎች ከታማሚው ራስጌ አለመለየታቸው ዛሬም የዚህ ክፍል ዋና ነገር ነው። የመተንፈሻ ማሽኑ (ቬንትሌተር) በሽታን አይፈውስም፤ ሳንባው እስኪያገግም ሰውየውን ያቆየዋል እንጂ። ከመጠን ያለፈ አየር ከገፋ ደግሞ ራሱ ሳንባውን ይጎዳል። ስለዚህ ሽንቱን በየሰዓቱ የምትለካ፣ አክታውን የምትስብ፣ ጀርባው እንዳይቆስል የምታገላብጠው ነርስ ከማሽኑ እኩል ታስፈልጋለች። አዲስ ማሽን ገዝቶ ነርስ አለመጨመር ግማሽ ሥራ ነው።

ፈሳሽም እንደ አየሩ መጠን አለው። እኛ ዘንድ ቤተሰብ «ጉሉኮስ ይተከልለት» ብሎ መለመኑ የተለመደ ነው። ነገር ግን በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ በጽኑ ትኩሳት የታመሙ ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። ፈሳሽ በብዛትና በፍጥነት ከተሰጣቸው በሁለት ቀን ውስጥ 10.6 በመቶ ያህሉ ሞቱ፤ ካልተሰጣቸው ግን 7.3 በመቶ። ጥናቱ በተቅማጥ ውሃ ያለቀባቸውን ሕፃናት አላካተተም፤ ለእነሱ ፈሳሽ ሕይወት ነው።

ቤተሰብ ከዚህ ሁሉ መሐል ትልቅ ድርሻ አለው። ታማሚው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነካርቶናቸው ይዞ መምጣት፣ የማይስማማው መድኃኒት ካለ መናገር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት በትክክል መንገር። ስትሮክ ያመጣን የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለምዶ የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ሰዓቱም የሚቆጠረው ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ነው።