ከመንገድ በፊት መጽሐፍ

ከደብረ ማርቆስ ልጆቹን ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ወላጅ ስንቁንና ልብሱን ያሰናዳል፤ መጽሐፉን ግን ይዘነጋል። ሳይዘጋጅ የሄደ ልጅ በፎቁና በመኪናው ብቻ ተደንቆ ይመለሳል፤ ይባስ ብሎም የአገሩን ነገር መናቅ ይጀምራል።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት መጽሐፍ ይመረጥ እንላለን። አንደኛው ስለሚያየው ነገር የሚያስረዳው ነው። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችውን የድንቅነሽን ታሪክ አስቀድሞ በሥዕል ያወቀ ልጅ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ሲደርስ ጠያቂ ይሆናል።

ሁለተኛው ከቤቱ የሚነሣ ነው። የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት «ተረት ተረት የመሠረት» ለዚህ ይስማማል። ልጁም የዓባይ በረሃ ታልፎ ጎሐ ጽዮን እስኪደረስ፣ የተነበበለትን ተረት መልሶ ይንገር። ለዚህ ሁሉ ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት በየማታው ጥቂት ገጽ አብሮ ማንበብ ይበቃል።