እጅ ሲደነዝዝ ኮርቻውን እዩ

ጎማው የተበሳበት ሰው ወዲያው ይመጣል። እጁ የሚደነዝዘው ግን ወራት ታግሦ፣ መድኃኒቱንም ራሱ አዝዞ ነው የሚመጣው፦ «ወፍራም እጀታ ግጠምልኝ።» ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት የልጆች መጫወቻ ብቻ አይደለም፤ መምህሩ፣ ግንበኛውና የቢሮ ሠራተኛው ጠዋትና ማታ የሚመላለሱበት ነው። አቤቱታውን ደጋግሜ እሰማለሁ። እጀታውን ግን ቶሎ አልሸጥም።

አስቀድሜ የምጠይቀው «የትኛው ጣትዎ ነው?» ብዬ ነው። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከሆኑ፣ ጫናው ያረፈው በመዳፉ ግርጌ በትንሿ ጣት በኩል ነው። ወደ እነዚህ ጣቶች የሚሄደው ነርቭ እዚያ ቦታ በሁለት ትናንሽ አጥንቶች መካከል ያልፋል፤ ከላዩ የሚሸፍነውም ሥጋ ጥቂት ነው። መተላለፊያውን በ1861 እ.ኤ.አ. የገለጸው ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ፌሊክስ ጉዮን ስለነበር፣ ሐኪሞች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠሩታል። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ከሆኑ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የእጅ አንጓው ወደ ላይ ተቀልብሶ ሌላኛው ነርቭ ተጨቁኗል። ፊተኛው ክብደትን እንድፈትሽ ይነግረኛል፤ ኋለኛው የፍሬን መያዣውን።

ክብደቱን ከኮርቻው እጀምራለሁ። ደንበኛው መዳፉን እያሳየኝ እኔ ከኋላው ስዞር ብዙዎች ግራ ይጋባሉ፤ ነገር ግን ኮርቻው ሳይታይ መሪውን መነካካት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። የኮርቻው አፍንጫ ወደ ታች ካዘነበለ ተቀማጩ ሳያውቀው ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ እንዳይወድቅ የሚይዘው እጁ ብቻ ነው። እንዲህ የሚያዘነብሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ባለቤቶቹ ናቸው፤ ብልታቸውን ሲያማቸው አፍንጫውን ዝቅ ያደርጉና ሕመሙን ወደ መዳፋቸው ያዛውሩታል። ውሃ ልክ አስቀምጬ አስተካክለዋለሁ። በጣም ከፍ ያለ ኮርቻም ሰውን ወደ መሪው ይደፋዋል።

ቀጥሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለውን ርቀት አያለሁ። ብስክሌቱን አጥብቄ እይዝና ደንበኛው በሚነዳበት አኳኋን ጎንበስ እንዳለ እጁን ከመሪው ትንሽ እንዲያነሣ እጠይቀዋለሁ። ወዲያው ወደ ፊት የሚደፋ ከሆነ ኮርቻው ለእሱ ከመጠን በላይ ወደ ፊት ተገፍቷል። «ወደ ኋላ ልውሰደው» ስል «ኧረ መሪው ይርቀኛል!» የማይለኝ የለም። አዎ፣ ይርቃል። ቢሆንም ዳሌው ወደ ኋላ ሲሄድ ከፊት ያለውን የደረትና የጭንቅላት ክብደት ስለሚመዝን እጅ ይቀልለዋል። ከዚህ በኋላም መሪው እውነት ከራቀ መፍትሔው አጠር ያለ የመሪ አንገት ነው፤ ኮርቻውን መልሶ ወደ ፊት መግፋት አይደለም።

የፍሬን መያዣውን ነገር ባጭሩ ልናገር፤ ወጪ የለውም፣ ጊዜም አይፈጅም። ብዙ ብስክሌቶች መያዣው አግድም ተዘርግቶ ይመጣሉ፤ ጣትን እላዩ ለማሳረፍ አንጓ መቀልበስ አለበት። በብሩጎላ ላላ አድርጌ ክንድ፣ አንጓና ጣት አንድ መስመር እስኪሆኑ ወደ ታች አዞረዋለሁ። በእጄ ካለፉት ማስተካከያዎች ሁሉ ቶሎ ምስጋና የሚያስገኝልኝ ይኸኛው ነው።

መሪውን ከፍ ማድረግ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በአሮጌዎቹ ብስክሌቶች የመሪው አንገት ወደ ቱቦው ውስጥ የሚገባ ብረት ነው፤ ከላይ ያለውን ቡሎን አላልቶ በእንጨት ላይ በመዶሻ ቀስ ብሎ መታ ሲያደርጉት ይለቃል። ብረቱ ላይ የተቀረጸ የገደብ ምልክት አለ። ምልክቱ ከቱቦው በላይ ከታየ መሪው በጉዞ ላይ ሊነቀል ይችላል፤ ለምኖኝም ቢሆን ከዚያ በላይ ለማንም አላወጣም። በአዳዲሶቹ ከፍታው የሚወሰነው በቀለበቶች ስለሆነ ቀለበት ከላይ ወደ ታች ማዛወር ነው። ከፍ ካደረጉ በኋላ መሪውን ግራና ቀኝ አዙረው የፍሬኑ ገመድ እንዳልተወጠረ ይዩ።

ወጣቶቹ ግን ከፍ ያለ መሪ ያሳፍራቸዋል። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው፤ እንደሱ አጎንብሶ መንዳት የማይመኝ ልጅ የለም። እኔም አልፈርድባቸውም። ልዩነቱ ተወዳዳሪ ፔዳሉን አምርሮ ሲረግጥ እግሩ ገላውን መሸከሙ ነው፤ መዳፉ ላይ የሚተርፈው ክብደት ትንሽ ነው። ከጓደኛው ጋር እያወጋ ዘና ብሎ የሚነዳ ልጅ መሪውን በዚያው ልክ ዝቅ ቢያደርግ ሸክሙ የእጁ ይሆናል።

የቀረው ጥቃቅን ነው። ከትከሻ እጅግ የሰፋ መሪ ካለዎት ለመቁረጥ አይቸኩሉ፤ እጀታውንና ፍሬኑን ወደ ውስጥ አስጠግተው ለጥቂት ቀናት ይሞክሩት። ኮብልስቶን ላይ የሚነዳ ሰው ጎማውን ድንጋይ እስኪሆን ባይነፋው ንዝረቱ ይቀንስለታል። ወፍራም እጀታም ትንሽ መዳፍ ላለው ሰው አጥብቆ መጨበጥን ስለሚያስገድድ ይብስበታል። ደግሞ ሁሉን በአንድ ቀን አይቀያይሩ፤ አንዱን በጥቂት ሚሊሜትር አንቀሳቅሰው፣ የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርገው ይንዱና ልዩነቱን ይዩ።

ከብስክሌት ከወረዱ በኋላ ቀናት የሚቆይ መደንዘዝ፣ የሸሚዝ ቁልፍ ለመቆለፍ ማቃት፣ ወረቀት በሁለት ጣት መካከል መያዝ አለመቻል ካለ ግን ጉዳዩ ከእኔ መፍቻ አልፏል። ስኳር ያለበት ሰውም፣ አንገቱን የሚያመውም መንሥኤው ሌላ ሊሆን ይችላል። እባካችሁ፣ እንዲህ ሲሆን ብስክሌቱን አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።